በቁጥር የተጠበቁ ማሽኖች፦ የመጪ ቪዲዮ ጌም ኮንሶሎች አቅም ግምት ታሪክ



የዛሬው ርዕስ ለአንዳንዶቻችሁ ለታሪክ ጥናት የሚመጥን መስሎ ላይታያችሁ ይችላል። ገና ስላልተሠራ የቪዲዮ ጌም ኮንሶል የሚናፈስ ወሬ፣ ስለ ፕሮሰሰሩ ፍጥነትና ስለ ሜሞሪው መጠን የሚሰነዘር ግምት፣ ከወጣቶች ጨዋታ ያለፈ ምን ቁም ነገር ይኖረዋል? ባለፉት ሠላሳና ከዚያ በላይ ዓመታት ግን እንዲህ ያለው ግምት በኩባንያዎች ዕጣ ላይ እጁን አሳርፏል፤ በእጅ ያለውን ማሽን ገና ባልተሠራ ማሽን አስንቋል፤ ሚሊዮኖችም ገንዘባቸውን መቼና በምን ላይ እንደሚያወጡ መርቷቸዋል። የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ አስቀድመው የተነገሩት ቁጥሮች በአብዛኛው ሐሰት አልነበሩም፤ ነገር ግን የሚለኩት ነገር ገዢው ሊያውቅ የፈለገውን ነገር አልነበረም። ይህን ለማሳየት በየዘመናቸው የነገሡ ሦስት መለኪያዎችን፣ ማለትም ቢትን፣ ፖሊጎንንና ቴራፍሎፕስን በቅደም ተከተል እንመለከታለን። ዘመናቱን ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

በቅድሚያ ግምቱ ከየት እንደሚመነጭ እንይ። የግል ኮምፒውተር ያለው ሰው ዛሬ ሜሞሪውን፣ ነገ ግራፊክስ ካርዱን መቀየር ይችላል። ኮንሶል ግን ከፋብሪካ በወጣበት አቅም አምስትና ስድስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ስለዚህ ገዢው የሚገዛው ዛሬ ያሉትን ጨዋታዎች ብቻ ሳይሆን ገና ያልተሠሩትንም ጭምር ነው፤ ለእነርሱ ዋስትና ሆኖ የሚቀርብለትም ቁጥር ነው። በሌላ በኩል የማሽኑ ቺፕ ለገበያ ከመብቃቱ ዓመታት አስቀድሞ ይነደፋል፤ ጨዋታ የሚሠሩ ድርጅቶችም ሥራቸውን ቀድመው እንዲጀምሩ የሙከራ መሣሪያና ሰነድ ይደርሳቸዋል። ምስጢሩን የሚጋሩት ብዙዎች ሲሆኑ ወሬው ማምለጡ አይቀርም። ወሬው ባያመልጥም አምራቹ ራሱ ሆን ብሎ የሚናገርበት ምክንያት አለው።

ይህ ምክንያት ከኮንሶሎች ይቀድማል። በ1960ዎቹ ኮንትሮል ዳታ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ 6600 በተሰኘው ማሽኑ በፈጣን ኮምፒውተሮች ገበያ ሲመራ፣ ግዙፉ አይቢኤም ገና ዝግጁ ያልሆኑ ፈጣን ማሽኖችን አስተዋወቀ። ኮንትሮል ዳታ በ1968 በመሠረተው ክስ ተፎካካሪው በወረቀት ላይ ብቻ ባሉ ማሽኖች ደንበኞችን እያስጠበቀ ገበያዬን ዘጋብኝ አለ፤ ጉዳዩም በ1973 በስምምነት ተቋጨ። ማሽኑ ባይኖርም ገዢው ከጠበቀው፣ መጠበቁ ብቻ ተፎካካሪን ይጎዳል ማለት ነው።

ወደ መጀመሪያው መለኪያ እንለፍ። ቢት በአጭሩ አንድ ፕሮሰሰር በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው የዳታ ስፋት ነው። ማቴል በ1980 በመላ አሜሪካ የሸጠው ኢንተሌቪዥን ባለ 16 ቢት ፕሮሰሰር ነበረው፤ ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ ቢት የገበያ ቋንቋ ስላልነበረ ለብዙው ገዢ ይህ ምንም ትርጉም አልሰጠም። ሴጋ በ1988 በጃፓን ሜጋ ድራይቭን ሲያወጣ ግን 16 ቢት የሚለውን ጽሑፍ በማሽኑ አናት ላይ በጉልህ አተመው። ከዚያ በኋላ 8 ከ16፣ 16 ከ32 ማነሱን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቅ ነበር።

የዚህ አመክንዮ ጫፍ የታየው በ1993 ነው። አታሪ በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ጃጓር የተባለውን ኮንሶል ባለ 64 ቢት ነው ብሎ አቀረበ፤ ተመልካቹ ሒሳቡን ራሱ እንዲያሰላ በሚጋብዝ ማስታወቂያም አጀበው። በማሽኑ ውስጥ 64 ቢት ስፋት ያላቸው የዳታ መስመርና የግራፊክስ ክፍሎች በእርግጥ ነበሩ። ከእነርሱ ጎን ግን ሁለት ባለ 32 ቢት ፕሮሰሰሮችና ሜጋ ድራይቭ ይጠቀምበት የነበረው ያው ሞቶሮላ 68000 ተቀምጠዋል። ስለዚህ 64 የሚለው ቁጥር ከማሽኑ አንድ ክፍል አንጻር እውነት፣ ከሌላው አንጻር ግን ባዶ ነበር። የጃጓር ሽያጭ 250 ሺህ እንኳ አልሞላም።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ኔንቴንዶ ከሲሊከን ግራፊክስ ጋር ሆኖ ባለ 64 ቢት ማሽን እየሠራ መሆኑን አስታወቀ። ያ ማሽን ኔንቴንዶ 64 ተብሎ በጃፓን የተሸጠው በጁን 1996 ነው፤ ሦስት ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው። በመካከሉ ሶኒ ባለ 32 ቢቱን ፕሌይስቴሽን በዲሴምበር 1994 አውጥቶ ነበር። በመጨረሻ ባለ 32 ቢቱ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሲሸጥ ባለ 64 ቢቱ 33 ሚሊዮን ገደማ ላይ ቆመ። ልዩነቱን ካመጡት ምክንያቶች አንዱ በቢት የማይለካ ነበር፦ ሶኒ ርካሽና ብዙ መረጃ የሚይዝ ሲዲ ሲጠቀም፣ ኔንቴንዶ ውድና ጠባብ በሆነው ካርትሪጅ ጸንቶ ቀረ። ከዚህ በኋላ ቢት ከማስታወቂያው ቀስ በቀስ ጠፋ።

ባዶውን ዙፋን የያዘው ፖሊጎን ነው። ፖሊጎን ማለት ባለ ሦስት አቅጣጫ ምስሎች የሚገነቡባቸው ትናንሽ ገጾች ሲሆኑ፣ ውድድሩም በሰከንድ ስንት ይሣላሉ በሚለው ላይ ሆነ። የዛሬው ንግግሬ ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሴጋ ድሪምካስትን በጃፓን ያወጣው በኖቬምበር 1998 ነው፤ የአሜሪካ ሽያጭ ለሴፕቴምበር 9 ቀን 1999 ተቀጠረ። ሶኒ ግን ቀኑ ሊደርስ ስድስት ወር ሲቀረው፣ በማርች 2 ቀን 1999 ቶኪዮ ላይ ተከታዩን ማሽን አስተዋወቀ። የሚሸጥ ዕቃ አልነበረም፤ የተሰጠ ስምም አልነበረም። የነበረው ኢሞሽን ኢንጂን የተባለ ፕሮሰሰርና አንድ ቁጥር ነው፦ በሰከንድ 66 ሚሊዮን ፖሊጎን። ሴጋ ለድሪምካስት የገለጸው ከ3 ሚሊዮን በላይ የሚል ስለነበር፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ሃያ እጥፍ ልዩነት አየ።

ነገር ግን ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ሚዛን የተለኩ አልነበሩም። 66 ሚሊዮን የተባለው ፕሮሰሰሩ የቅርጾቹን አቀማመጥ ብቻ ሲያሰላ የሚደርስበት ጣሪያ ነው፤ ብርሃንና ጥላ፣ የጨዋታው ሕግና የጠላት እንቅስቃሴ በዚያ ሒሳብ ውስጥ የሉም። ሶኒ ራሱ በዚያው መግለጫ ብርሃን ሲጨመር ቁጥሩ ወደ 38 ሚሊዮን፣ ጉም ሲጨመር ወደ 36 ሚሊዮን፣ ጎባጣ ገጾች ሲሠሩ ደግሞ ወደ 16 ሚሊዮን እንደሚወርድ ጽፏል። እንግዲህ ሶኒ አልዋሸም። የሕዝብ ትውስታ ግን ከአራቱ ቁጥሮች ትልቁን መርጦ ሦስቱን ጣላቸው።

የቁጥሩ ጉልበት ከገበያም አልፎ ሄደ። በ2000 ዓ.ም. አፕሪል ወር የጃፓን መንግሥት ፕሌይስቴሽን 2ን ለጦር መሣሪያ ሊውሉ ከሚችሉ ዕቃዎች ተርታ መድቦ በብዛት ወደ ውጭ ለመላክ ፈቃድ እንዲጠየቅበት አደረገ። የልጆች መጫወቻ የመንግሥት ፈቃድ የሚሻ መሆኑ ከየትኛውም ማስታወቂያ በላይ ማሽኑን አገነነው።

ድሪምካስት በአሜሪካ በመጀመሪያው ቀን ከ225 ሺህ በላይ ተሸጦ ነበር፤ ስለዚህ ተቀባይነት አጣ ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ብዙ ገዢዎች አንድ ዓመት መታገሥን መረጡ። አባቶቻችን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይላሉ፤ እዚህ ግን በሰማይ ያለችው ላም በደጅ የታሰረችውን ላም ወተት አስናቀች። ሴጋ በጃንዋሪ 31 ቀን 2001 የድሪምካስትን ምርት እንደሚያቆም አስታወቀ፤ ከዚያ በኋላም ኮንሶል አምራች ሆኖ አልተመለሰም። የተሸጠው ድሪምካስት 9 ሚሊዮን ያህል ሲሆን ፕሌይስቴሽን 2 ከ155 ሚሊዮን አለፈ።

የታሪክ ተማሪ እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባዋል። ሴጋን የጣለው ቁጥሩ ብቻ ነው ብንል እንሳሳታለን። ኩባንያው ከቀደመው ማሽኑ ከሳተርን ኪሳራ አላገገመም ነበር፤ ትልቁ የስፖርት ጨዋታዎች አሳታሚ ኤሌክትሮኒክ አርትስ ለድሪምካስት አልሠራም፤ የድሪምካስት ዲስኮች በቀላሉ ይገለበጡ ነበር፤ ፕሌይስቴሽን 2 ደግሞ የዲቪዲ ፊልም ያጫውታል። ቁጥሩ ያደረገው ሴጋ እጅግ በሚያስፈልገው ሰዓት ጊዜን መንጠቅ ነው። ለተዳከመ ኩባንያ አንድ ዓመት የመጠበቅ ዋጋው ሞት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው መለኪያ ቴራፍሎፕስ ነው፤ ይኸውም በሰከንድ የሚከናወን ትሪሊዮን የሒሳብ ስሌት ማለት ነው። በሜይ 2005 ሶኒ ስለ ፕሌይስቴሽን 3 ሲናገር ሁለት ቴራፍሎፕስ አለ። በዚያው መድረክ የታየው ማሽን ሁለት የኤችዲኤምአይና ስድስት የዩኤስቢ መሰኪያዎች ነበሩት፤ በኖቬምበር 2006 ለገበያ የቀረበው ግን አንድ ኤችዲኤምአይና ቢበዛ አራት ዩኤስቢ ይዞ መጣ። በአሜሪካ ዋጋው እንደ ዓይነቱ 499 እና 599 ዶላር ነበር። በዚያው ወር በ249 ዶላር የቀረበው የኔንቴንዶ ዊ በስሌት አቅም ከሁሉም ያነሰ ነበር፤ ሆኖም ከ101 ሚሊዮን በላይ ሲሸጥ ፕሌይስቴሽን 3 ከ87 ሚሊዮን ጥቂት በልጦ ቆመ።

ቴራፍሎፕስ ግን በዚህ አልተሻረም። በ2019 መጨረሻ ቺፑን ከሚነድፈው ኤኤምዲ የወጣ የሙከራ መረጃ በጊትሃብ ላይ ተገኘ። በውስጡ 36 የስሌት ክፍሎች ያሉት፣ በ2 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ቺፕ ተመዝግቧል። እያንዳንዱ ክፍል በአንድ ምት 64 ጊዜ ሁለት ስሌት ስለሚሠራ፣ 36ን በ64፣ ከዚያ በ2፣ ከዚያ በ2 ቢሊዮን ስናባዛ 9.2 ቴራፍሎፕስ እናገኛለን። ማይክሮሶፍት በፌብሩዋሪ 2020 የራሱ ማሽን 12 ቴራፍሎፕስ እንዳለው ሲያስታውቅ፣ 9.2 የሚለው ቁጥር የሶኒን ወዳጆች አስቆጣ፤ መረጃው ሐሰት ነው ያሉም ብዙ ነበሩ። በማርች 18 ቀን 2020 የማሽኑ ዋና ንድፍ አውጪ ማርክ ሰርኒ እውነቱን ገለጸ፦ የስሌት ክፍሎቹ በእርግጥ 36 ናቸው፤ ፍጥነቱ ግን እስከ 2.23 ጊጋኸርዝ ስለሚደርስ ውጤቱ 10.28 ነው።

ያመለጠው መረጃ ስለ ቺፑ አሠራር ትክክል፣ ስለ መጨረሻው ቁጥር ግን ስሕተት ነበር፤ ምክንያቱም ፍጥነት እስከ መጨረሻው ሰዓት ሊቀየር ይችላል። ከዚህም የሚበልጠው ሰርኒ ትኩረቱን የሰጠው በማንም ሠንጠረዥ አናት ላይ ላልነበረ ነገር መሆኑ ነው፦ በሰከንድ 5.5 ጊጋባይት ለሚያነብ ማከማቻ። ዛሬ ተጫዋቹ በየዕለቱ የሚያየው ለውጥ፣ ማለትም ጨዋታ ሲከፈት የነበረው ረጅም ጥበቃ ማጠሩ፣ በዋናነት የመጣው ከዚያ ነው። በቴራፍሎፕስ የበታች የነበረው ፕሌይስቴሽን 5 እስከ 2025 አጋማሽ ከ80 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል።

አሁን አራተኛ መለኪያ እየተወለደ ነው። በኖቬምበር 2024 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮና በጁን 2025 የወጣው ስዊች 2፣ በዝቅተኛ ጥራት የተሰላን ምስል በሰው ሠራሽ አስተውሎት አልቀው ያሳያሉ። ማሽኑ የምስሉን ከፊል አስልቶ ቀሪውን የሚገምት ከሆነ፣ የስሌት ብዛት ብቻውን የምስል ጥራትን ሊነግረን አይችልም። ማይክሮሶፍት በጁን 2025 ለቀጣዩ ኮንሶሉ ከኤኤምዲ ጋር እየሠራ መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ አዲስ ቁጥር፣ አዲስ ወሬና አዲስ ጥበቃ መምጣቱ አይቀርም።

ያ ቁጥር ሲመጣ ሦስት ጥያቄዎችን እንድትጠይቁ አደራ እላለሁ። የመጀመሪያው፣ ቁጥሩ የሚቆጥረው የማሽኑን የትኛውን ክፍል ነው? የጃጓር ታሪክ ይህን ያስተምራል። ሁለተኛው፣ በምን ሁኔታ ተለካ? የ66 ሚሊዮኑ ታሪክ ይህን ያስተምራል። ሦስተኛው፣ እኔ ብጠብቅ የሚጠቀመው ማን ነው? ይህን ደግሞ ሴጋ በሕልውናው ከፍሎ አስተምሮናል።

በአዲስ አበባ የፕሌይስቴሽን ቤቶች ውስጥ ወጣቶች በየዙሩ ሒሳብ እየከፈሉ የተጋጠሙባቸው ማሽኖች አብዛኛውን ጊዜ አዳዲሶቹ አልነበሩም። በሌላው ዓለም ጊዜያቸው አለፈ ከተባለ በኋላም በዚህ እንጀራ አብልተዋል፤ ወዳጅነትም አስገኝተዋል። በእነዚያ ቤቶች ኢሞሽን ኢንጂን በሰከንድ ስንት ፖሊጎን እንደሚያሰላ የጠየቀ ተጫዋች ቢኖር እጅግ ጥቂት ነው። ማሽን ከመሠራቱ በፊት በቁጥሩ ይመዘናል፤ ከተሠራ በኋላ ግን የሚመዘነው በሰጠው አገልግሎት ነው። የታሪክ ጸሐፊ ሥራ ሁለቱን ሚዛኖች አለማደባለቅ ነው።