መብራት ሲመለስ ቤቱ ምን ያደርጋል?

ሞጣ ወይም ቢቸና ወፍጮ ቤት ሄዳችሁ ጤፍ አስፈጭታችሁ ታውቃላችሁ? በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ወፍጮ ማለቴ ነው። እየፈጨ ሳለ መብራት ድንገት ጥፍት ሲል ድምፁ ቀስ በቀስ ይሞታል፤ ወረፋ ያለውም ሰው ጆንያው ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ይጀምራል። እስቲ ቀጥሎ የሚሆነውን ልብ በሉ። መብራቱ ሲመጣ የጣሪያው አምፖል ወዲያው ቦግ ይላል። ወፍጮው ግን ዝም! በደንብ የተገጠመ ወፍጮ ሠራተኛው መጥቶ የማስነሻውን ቁልፍ እስኪጫን ድረስ ንቅንቅ አይልም።

ለምን ይመስላችኋል? አምፖሉም ወፍጮውም የሚሠሩት በአንድ መስመር በመጣ ኃይል እኮ ነው። ምስጢሩ ያለው ግድግዳው ላይ በተሰቀለችው ሳጥን ውስጥ ነው። ቤቱን በትንሽ ኮምፒውተርና በስልክ ለማዘዝ የሚፈልግ፣ ማለትም «ስማርት ቤት» የሚባለውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው፣ የዚያችን ሳጥን ብልሃት ሳያውቅ ከጀመረ ቤቱን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ስለዚህ ታሪኩን ከሥሩ እንየው። ዓመታቱን በሙሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መብራት የማያስፈልጋቸው ተቆጣጣሪዎች

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን፣ በግብፅ እስክንድርያ ክቴሲቢዮስ የሚባል የፈጠራ ሰው ነበር። የውሃ ሰዓት ይሠራ ነበር። ውሃ ወደ አንድ ዕቃ እየተንጠባጠበ ይገባል፤ የውሃው ከፍታ ሰዓቱን ያሳያል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ውሃ የሚሰጠው ዕቃ እየጎደለ ሲሄድ ጠብታውም ይዘገያል፤ ሰዓቱም አብሮ ይሳሳታል። ለዚህ ችግር በእሱ ስም የሚታወቀው መፍትሔ ተንሳፋፊ ነው። ውሃው ከፍ ሲል ተንሳፋፊው አብሮ ይነሳና መግቢያውን ይደፍናል፤ ዝቅ ሲል ይከፍተዋል። እንዲህ ሆኖ የውሃው መጠን እኩል እንደሆነ ይቆያል።

ሮቶ ያለው ቤት ካለ፣ ሮቶው ውስጥ ያለችው ኳስ የዚያ ተንሳፋፊ የልጅ ልጅ ናት። ሮቶው ሲሞላ ውሃውን የምትዘጋው እሷ ናት።

ማንኛውም ተቆጣጣሪ ሦስት ሥራ አለው፦ ማየት፣ መወሰንና መፈጸም። የሮቶዋ ኳስ ሦስቱንም ብቻዋን ትሠራለች።

ከዚያ ታሪኩ ወደ ወፍጮ ቤት ይገባል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር በነፋስ የሚሠሩ ወፍጮዎች ነበሩ። ነፋሱ ሲበረታ ድንጋዩ ይፈጥናል፤ በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ያለው ክፍተትም ስለሚለዋወጥ ዱቄቱ ይበላሻል። ባለወፍጮዎች አብረው የሚሽከረከሩ ሁለት የብረት ኳሶች ገጠሙ። ፍጥነቱ ሲጨምር ኳሶቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ ሲከፈቱም በዘንግ አማካይነት ክፍተቱን ያስተካክላሉ። ቶማስ ሚድ የተባለ ሰው በ1787 ለዚህ ዓይነት መሣሪያ የፈጠራ መብት አገኘ። በ1788 የጄምስ ዋት ሸሪክ ማቲው ቦልተን ለንደን ውስጥ አልቢዮን የሚባለው ዱቄት ፋብሪካ ይህንኑ ብልሃት አይቶ ለዋት ነገረው። ዋትም በእንፋሎት ሞተሩ ላይ ገጠመው። በታሪክ እጅግ ዝነኛ የሆነው የማሽን ተቆጣጣሪ የወጣው ከወፍጮ ቤት ነው ማለት ነው!

ተንሳፋፊውና የሚሽከረከሩት ኳሶች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። «ትናንት ምን ነበር?» ብለው አይጠይቁም። የሚሠሩት አሁን ባለው ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ የሚረሱት ነገርም የለም።

ሽቦ መሐል ሲገባ

በ1883 አሜሪካ ውስጥ ዊስኮንሲን በሚባለው ግዛት ዋረን ጆንሰን የሚባል መምህር የኤሌክትሪክ ቴርሞስታት የፈጠራ መብት አገኘ። በዚያን ጊዜ የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ በየክፍሉ እየገባ ቴርሞሜትር ያይና ምድር ቤት ወርዶ እሳቱን ያስተካክል ነበር። የጆንሰን መሣሪያ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ምድር ቤት ያለውን ደወል ይደውላል። እሳቱን የሚጨምረው ግን ያው ሠራተኛ ነው። ማየትና መፈጸም ተለያይተው መሐላቸው ሽቦ ገባ ማለት ነው።

ሽቦ ሲመጣ አዲስ ጥያቄ አብሮ መጣ። ኃይሉ ከተቋረጠስ?

የወፍጮ ቤቷ ሳጥን መልሱን ይዛለች። ውስጧ ያለው ዕቃ ኮንታክተር ይባላል። የሽቦ ጥቅል አለው፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ማግኔት ይሆንና የሞተሩን መስመር ስቦ ያገናኛል። የማስነሻ ቁልፉን ስትጫኑ ለጥቅሉ ኤሌክትሪክ ትሰጡታላችሁ። ጣታችሁን ስታነሱ ለምን አይጠፋም? ኮንታክተሩ ሲገናኝ ለራሱ ጥቅል የሚያበላ ሌላ ትንሽ መስመር አብሮ ስለሚዘጋ ነው። ራሱን በራሱ ይዞ ይቆያል። መብራት ሲጠፋ ግን ማግኔቱ ይለቃል፤ ስፕሪንጉ ሁሉንም መስመር ይከፍታል፤ ያች ትንሽ መስመርም ትከፈታለች። መብራት ቢመለስ ወደ ጥቅሉ የሚያደርሰው መንገድ የለም። ወፍጮው የሰው ጣት ይጠብቃል።

ይህ ጉድለት እንዳይመስላችሁ፤ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። መብራት በጠፋበት ሰዓት አንዱ እጁን ከቶ ቀበቶውን ሊያስተካክል ይችላል። ወፍጮው ሳይታሰብ ቢነሳ እጅ ይቆርጣል። መሐንዲሶቹ ማሽኑ ሆን ብሎ እንዲረሳ አደረጉት።

ኮምፒውተሩ ቤት ሲገባ

በ1966 አሜሪካ ፒትስበርግ ውስጥ ጂም ሰዘርላንድ የተባለ የዌስቲንግሃውስ መሐንዲስ ከተረፉ ዕቃዎች ኮምፒውተር ሠርቶ ቤቱ አስገባ። ስሙ ኤኮ 4 ነው። ቁም ሳጥን የሚያካክሉ ሳጥኖች ነበሩት፤ የቤቱን ሙቀት ይቆጣጠር፣ ዕቃዎችንም ያበራና ያጠፋ ነበር። ለሽያጭ ግን አልቀረበም።

በ1975 ስኮትላንድ ውስጥ ፒኮ ኤሌክትሮኒክስ የተባለ ኩባንያ ኤክስ 10ን ፈጠረ። ይህ ብልህ ነበር፤ አዲስ ሽቦ ሳይዘረጋ ትዕዛዙን በቤቱ የመብራት መስመር ላይ ይልክ ነበር። እስከ 256 አድራሻ ማዘዝ ይችላል። ግን የመጀመሪያዎቹ ዕቃዎች መልስ አይሰጡም ነበር። ተቆጣጣሪው «ጥፋ» ይላል፤ አምፖሉ መጥፋቱን አያውቅም። መልእክተኛ ልኮ መልስ የማያገኝ ሰው ማለት ነው።

ኢንተርኔት ሲመጣ ደግሞ ውሳኔው ከቤት ወጥቶ ሩቅ አገር ያለ ሰርቨር ላይ ተቀመጠ። ሬቮልቭ የሚባል የቤት ተቆጣጣሪ ነበር፤ ኩባንያውን በ2014 ኔስት ገዛው። በግንቦት ወር 2016 አገልግሎቱ ተዘጋና በየሰው ቤት የነበረው ዕቃ ሳይሰበር ሥራ አቆመ። ውሳኔ ሰጪው ሩቅ ስለነበር ነው።

በ2013 ፓውሉስ ስኩትሰን የተባለ የኔዘርላንድ ተወላጅ ሆም አሲስታንት የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ጀመረ። ይህ ውሳኔውን ወደ ቤት መለሰው። ራስፕቤሪ ፓይ በሚባለው መዳፍ በምታህል ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥም በቤት ውስጥ ባለው መስመር ማዘዙን ይቀጥላል። የኢንተርኔት መቋረጥን ለሚያውቅ የቢቸናና የሞጣ ልጅ ይህ ምን ያህል እንደሚጠቅም ማስረዳት አያስፈልገኝም።

እናንተ ስትጀምሩ

ታዲያ ይህችን ትንሽ ኮምፒውተር ቢቸና ላይ ከፍታችሁ መጀመሪያ ምን ትሏታላችሁ? ያለችበትን ቦታና ሰዓቱን ንገሯት። የሰዓት ክልሉ ላይ አፍሪካ/አዲስ አበባ የሚለውን ምረጡ። ከዚያ ተጠንቀቁ! ማሽኑ ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ነው። «1 ሰዓት ላይ አብራ» ብትሉት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ያበራል። የእኛ ማታ 1 ሰዓት ለእሱ 19 ሰዓት ነው።

ከሰዓት ይልቅ ፀሐይን መጠቀምም ትችላላችሁ። ቢቸና ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት፤ ሞጣ 11 ዲግሪ አካባቢ። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት ገደማ እስከ 1 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የእኛ ሰዓት አቆጣጠርም የሚያምረው ለዚህ ነው። «ፀሐይ ስትጠልቅ የበሩን አምፖል አብራ» ካላችሁት ማሽኑ የየቀኑን ሰዓት ራሱ ያሰላል።

ሁለተኛ፣ ማሽኑ ራሱ መብራት ሲጠፋበት ምን ይሆናል? አብዛኞቹ የራስፕቤሪ ፓይ ሞዴሎች የራሳቸው ባትሪ ያለው ሰዓት የላቸውም። ሲነሱ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ይጠይቃሉ። መብራት ተመልሶ ኢንተርኔት ካልተመለሰ ሰዓቱን ተሳስቶ ይነሳል፤ ጠዋት አምፖል ሊያበራ ይችላል። የክብ ባትሪ ያላት ትንሽ የሰዓት ዕቃ ብትጨምሩለት ይድናል። ድንገት መጥፋት የማስታወሻ ካርዱንም ስለሚያበላሽ በመጠባበቂያ ባትሪ ደግፉት።

ሦስተኛዋ ከሁሉ ትበልጣለች። እያንዳንዱን ስማርት ሶኬት ወይም ሪሌይ ስታስተካክሉ ብዙውን ጊዜ አንድ ምርጫ ታገኛላችሁ፤ ኃይል ሲመለስ ምን ላድርግ? ልጥፋ፣ ልብራ፣ ወይስ እንደነበርኩ ልሁን? ለበሩ አምፖል እንደነበረ ቢሆን ችግር የለም። ሙቀት ወይም እንቅስቃሴ ላለው ዕቃ ግን መልሱ አንድ ነው፦ ይጥፋ። እናታችሁ እንጀራ እየጋገረች መብራት ጠፋ እንበል። ጠብቃ ጠብቃ ሲያቅታት ምጣዱን ሳታጠፋ ጎረቤት ሄደች። ሌሊት መብራቱ ሲመጣ ማንም በሌለበት ምጣዱ ይግላል። ወፍጮው ያለው ብልሃት ምጣዱ የለውም።

ምጣዱን ግን በተራ ስማርት ሶኬት ለማዘዝ አትሞክሩ። የኤሌክትሪክ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። 3,500 ዋትን ለ220 ቮልት ስታካፍሉ 16 አምፔር ገደማ ይመጣል። ብዙ ስማርት ሶኬቶች የተሠሩት ለ10 ወይም ለ16 አምፔር ነው፤ ጫፍ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲሠሩ ይቀልጣሉ። ለምጣድ የሚሆነው ያው የወፍጮ ቤቱ ዓይነት ኮንታክተር ነው፤ የሚገጥመውም ሙያውን የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ብቻ። እናንተ በ5 ቮልት በምትበራ ትንሽ አምፖል ጀምሩ።

ሁሉን ጨርሳችሁ በስልካችሁ ስታበሩና ስታጠፉ ደስ ይላችኋል። ሥራው ግን አላለቀም። ትልቅ ሰው ጨምሩና ዋናውን ብሬከር አጥፉት። የኢንተርኔቱንም ዕቃ ንቀሉ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁና ብሬከሩን ብቻ መልሱ። ከዚያ ምንም ሳትነኩ በየክፍሉ ዙሩ። ምን በራ? ምን ዝም አለ? ማሽኑ ስንት ሰዓት ነው ይላል? መልሱን ደብተር ላይ ጻፉት፤ ያልጠበቃችሁት ነገር ከበራ ያስተካክሉት ዘንድ ቀድማችሁ ያወቃችሁት እናንተ ትሆናላችሁ፤ ሌሊት የሚመጣው መብራት አይቀድማችሁም።