ለዘሩ በጀት፣ ለልጁ ጓዳ

ሩዝ ፎገራ ሜዳ ላይ በራሱ እግር አልመጣም። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በአምራች ማኅበራት ማሳ ሞከሩት። ርብና ጉማራ ሲሞሉ ውኃ የሚተኛበት መሬት ዛሬ ቀለብ ሆኗል፤ ወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አላት። በጀት የተያዘለት ዘር ይበቅላል ማለት ነው።

ሰውስ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አካል ጉዳተኞችን አቅም በፈቀደ መጠን እንዲረዳ ደንግጓል። «አቅም በፈቀደ» ግን ሰፊ በር ናት፤ ስንቱ ሾልኮባታል! በ1995 የበጀት ዓመት ጥቅል ድጎማው ወደ ወረዳ ሲወርድ ውሳኔው ለሕዝብ ቀረበ ብለን ደስ አለን። ወረዳው ገንዘቡን ሲቆጥር ግን አብዛኛው ደመወዝ ሆኖ አገኘው። ደመወዝተኛ ጮሆ ይጠይቃል፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ግን እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባል። ጓዳ ያለውን ማን ይቆጥረዋል? ላልተቆጠረስ ማን በጀት ይይዛል?

እ.ኤ.አ. በ2002 ወይዘሮ ዘሚ የኑስ አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት የራሳቸው ልጅ ጉዳይ ቢያንገበግባቸው ነው። የወረታዋ እናት እዚያ ለመድረስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይጠብቃታል። የእናት አንጀት ደግሞ የሂሳብ መደብ አይደለም። ምክር ቤቱ በጀት ሲያጸድቅ ለዚያ ልጅም አንድ መደብ ይክፈትለት። ሩዙም የተጀመረው በጥቂት ማሳ ነበር።