ኖትፓድ ታብ ለማግኘት 38 ዓመት ለምን ፈጀባት?

እ.ኤ.አ. በ1985 ማይክሮሶፍት የመጀመሪያውን ዊንዶውስ ለገበያ ሲያቀርብ ኖትፓድ የተባለችው ቀላል የጽሑፍ መጻፊያ አብራው ነበረች። በአንድ መስኮት ብዙ ፋይል በታብ መክፈት የቻለችው ግን በ2023 ነው። በመካከሉ 38 ዓመት አለፈ።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ሁለት ሰነድ እያመሳከረ ለሚሠራ ሰው ግን ትንሽ አይደለም። በድሮዋ ኖትፓድ አዲስ ፋይል ሲከፈት የቀደመው ይዘጋል። ሁለቱንም ማየት የፈለገ ሁለት መስኮት ይከፍታል። አምስት ስድስት ሲደርሱ ይደራረባሉ፤ የሚፈለገው ከየትኛው ሥር እንደተደበቀ ለማወቅ አንድ በአንድ ማንሳት ነው። ታብ ሲኖር የሁሉም ስም ከላይ ተሰልፎ ይታያል፤ አንድ ጠቅታ ይበቃል።

ሐሳቡ ከኮምፒውተር በፊትም ነበር። በ1897 ጄምስ ኒውተን ገን የተባለ አሜሪካዊ፣ ከካርድ ጫፍ ወጣ ብላ ፊደል ወይም ስም ለሚጻፍባት ምላስ የፈጠራ መብት አገኘ። መዝገብ ቤት ገብቶ ማህደር የፈለገ ሰው ጥቅሟን ያውቃል። በ1988 ደግሞ ዩኒፕረስ የተባለው ኩባንያ ይሸጠው የነበረው ኢማክስ የጽሑፍ መጻፊያ መስኮቶቹ በታብ የተለዩ ነበሩ።

ታዲያ ማይክሮሶፍት ምን ያዘው? የኖትፓድ ጠበቆች ‹‹ውበቷ ቀላልነቷ ነው›› ይላሉ። እውነት አለው፤ ቶሎ ትከፈታለች፣ አታስቸግርም። ይህ መልስ ግን የኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ታሪክ አያስረዳም። ያ ብሮውዘር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከ90 በመቶ በላይ ተጠቃሚ ነበረው። ኦፔራና ሞዚላ ታብ ሲያቀርቡ እሱ ከ2001 ጀምሮ በስድስተኛው እትም ላይ ተኝቶ ቆየ። በ2004 ፋየርፎክስ መጥቶ ተጠቃሚ መውሰድ ሲጀምር፣ በ2006 ሰባተኛው እትም ከነታቡ ወጣ። ተፎካካሪ ሲመጣ የጎደለው ነገር ተገኘ።

ኖትፓድን ግን ማንም ከቦታዋ አልነቀነቃትም። ከዊንዶውስ ጋር ስለምትመጣ ማንም አይገዛትም፤ ስላልተመቸችም የሚቀንስ ገቢ የለም። በ2003 ዶን ሆ የተባለ ባለሙያ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስን በነጻ ለቀቀ። ታብ የቸገረው ወደዚያ ሄደ፤ ማይክሮሶፍት ግን ምንም አልጎደለበትም።

ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም ይባላል። ብቻውን የሚሮጥ የሚያስቸኩለውም የለም። የተጠቃሚው ድካም በማንም ሂሳብ ካልተመዘገበ አንዲት ምላስ 38 ዓመት ትጠብቃለች። ሌላ አማራጭ በሌለበት አገልግሎት ሁሉ፣ መስኮቱ የኮምፒውተርም ይሁን የቢሮ፣ ወረፋው የሚረዝመው በዚሁ ምክንያት ነው።