የተዘጋ በር፦ የ«ሳይኮ» ፊልም ማስታወቂያና የትረካ ቅደም ተከተል

1. መግቢያ

ነጋዴ ሊሸጥ ያሰበውን ጨርቅ ዘርግቶ ያሳያል። በምስጢር ላይ የተመሠረተ ፊልም የሚያሳይ ሲኒማ ቤት ግን ዕቃውን እንደዚሁ ዘርግቶ ካሳየ የሚሸጠው አይቀረውም። ዝም ካለም ገዢ አይመጣለትም። ስለሆነም የምስጢር ፊልም ማስታወቂያ መናገርንና መደበቅን በአንድ ጊዜ መፈጸም ይጠበቅበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአልፍሬድ ሂችኮክ «ሳይኮ» እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የተዋወቀበትን መንገድ መመርመርና፣ ያ መንገድ ከፊልሙ ትልም የመነጨ መሆኑን ማሳየት ነው። በዚህም ለሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ የሚጠቅም አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ የአንድ ትረካ ቅደም ተከተል የማን ነው? የደራሲው ነው ወይስ የተቀባዩ?

2. ከልቦለዱ ወደ ፊልሙ

ፊልሙ የተሠራው ሮበርት ብሎክ እ.ኤ.አ. በ1959 ካሳተመው፣ ተመሳሳይ ርእስ ካለው ልቦለድ ነው። ልቦለዱ የሚጀምረው የመንገደኛ ማረፊያ ከሚያስተዳድረው ከኖርማን ቤትስ ነው። ገንዘብ ሰርቃ የምትሸሸው ሴት ከዚያ በኋላ ትመጣለች፤ በ3ኛው ምዕራፍም ትገደላለች። ስለዚህ አንባቢው ከመነሻው የቤቱን ባለቤት ስለሚያውቅ፣ ሴትዮዋን የሚያያት ለጊዜው እንደመጣች እንግዳ ነው።

የፊልሙን ጽሑፍ ያዘጋጀው ጆሴፍ ስቴፋኖና ሂችኮክ ይህን ቅደም ተከተል ገለበጡት። ፊልሙ ከሴትዮዋ ይነሣል። ተመልካቹ ሥራዋን፣ ፍቅረኛዋን፣ ስርቆቷንና ጭንቀቷን ይከተላል። ገጸ ባሕርይዋን የተጫወተችው ጃኔት ሊ በጊዜው ታዋቂ ተዋናይ ስለነበረች፣ ታሪኩ እስከ ፍጻሜው የእርሷ እንደሚሆን ማንም አይጠራጠርም። ይሁን እንጂ ፊልሙ ገና ሳይጋመስ ትገደላለች። የልብ ሰቀላው ኃይል ያረፈው ሰው ሞተ በሚለው ክስተት ላይ ብቻ ሳይሆን፣ ተመልካቹ በዋና ገጸ ባሕርይ ላይ የጣለው እምነት በመፍረሱም ላይ ነው። እምነቱ እንዲፈርስ ደግሞ አስቀድሞ መገንባት አለበት። ይህም ፊልሙን ከመጀመሪያው ማየትን ግድ ያደርጋል።

3. የበሩ ሕግ

በዚያን ጊዜ በአሜሪካ አብዛኞቹ ሲኒማ ቤቶች ፊልም የሚያሳዩት ያለማቋረጥ እያፈራረቁ ነበር። ተመልካቹ በፈለገው ሰዓት ገብቶ ፊልሙን ከመሐሉ ይጀምርና፣ እንደገና ሲታይ እርሱ የገባበት ቦታ ላይ ሲደርስ ተነሥቶ ይወጣ ነበር። በዚህ ልማድ «ሳይኮ»ን ለማየት አንድ ሰዓት ዘግይቶ የገባ ሰው፣ ስሟን በማስታወቂያ ያነበባትን ተዋናይ ሲጠብቅ ሊውል ነው።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. ሰኔ 16 ቀን 1960 በኒውዮርክ በዴሚልና በባሮኔት ሲኒማ ቤቶች መታየት ሲጀምር አዲስ ሕግ ወጣ። ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም አይገባም። በመግቢያው አዳራሽ የቆመው ማስታወቂያም፣ የሥራ አስኪያጁ ወንድም፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ወይም የእንግሊዝ ንግሥት ቢመጡ እንኳ ሕጉ እንደማይሻር በቀልድ ይገልጽ ነበር። የሂችኮክ ምስል የእጅ ሰዓቱን እየጠቆመ በየበሩ ቆመ። አከፋፋዩ ፓራማውንትም ለሲኒማ ቤት ሥራ አስኪያጆች የፊልሙን አያያዝ የሚያስረዳ መመሪያ አዘጋጀ።

የሲኒማ ቤት ባለቤቶች ዘግይቶ የመጣ ደንበኛ ሲመለስ ገቢያችን ይቀንሳል ብለው ሠግተው ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በር ላይ የቆመው ረጅም ሰልፍ ራሱ ማስታወቂያ ሆነ። መንገደኛው ሰልፉን አይቶ ውስጥ ምን አለ ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄው ደግሞ ትኬት ያስቆርጠዋል። በ800,000 ዶላር ገደማ የተሠራው ጥቁርና ነጭ ፊልም ወጪውን ብዙ እጥፍ መለሰ።

4. የተነገረውና የተደበቀው

የቅድመ ማስታወቂያው አጭር ፊልም ስድስት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ሂችኮክ ራሱ እንደ አስጎብኚ ተመልካቹን በማረፊያውና በአሮጌው ቤት ያዞረዋል። አንድ ነገር ሊናገር ይጀምርና ይተወዋል። በመጨረሻ የመታጠቢያ ቤቱን መጋረጃ ሲገልጥ አንዲት ሴት ትጮኻለች። ይሁንና የምትጮኸው ሴት ጃኔት ሊ አይደለችም፤ በፊልሙ የእኅቷን ቦታ የያዘችው ቬራ ማይልስ ናት። ማስታወቂያው ግድያ መኖሩን ነገረ፤ የሚገደለው ማን እንደሆነ ግን ሸሸገ።

ተቺዎችም አስቀድሞ ፊልሙን የማየት መብታቸው ተነሥቶ ከሕዝቡ ጋር እንዲያዩት ተደረገ። የኒውዮርክ ታይምሱ ቦዝሊ ክራውዘር መጀመሪያ በፊልሙ እምብዛም ባይደነቅም፣ በዓመቱ መጨረሻ ከምርጥ አሥሩ ተርታ አሰለፈው። በለንደን የኦብዘርቨሯ ሲ. ኤ. ሌዠን ግን ፊልሙ ሳያልቅ ተነሥታ ወጣች። ዘግይቶ መግባትን የከለከለው ሕግ ቀድሞ መውጣትን ሊከለክል አልቻለም።

ምስጢር እንዲጠበቅ መጠየቅ በሂችኮክ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ በለንደን የታየው የአጋታ ክሪስቲ «የአይጥ ወጥመድ» ቴአትር ሲያበቃ ተመልካቾች ፍጻሜውን እንዳያወሩ ይጠየቁ ነበር። የአንሪ ዦርዥ ክሉዞ «ሌ ዲያቦሊክ» (1955) እና የቢሊ ዋይልደር «ዊትነስ ፎር ዘ ፕሮሲኪውሽን» (1957) ፊልሞችም በመዝጊያቸው ይህንኑ ለምነዋል። እነዚህ ልመናዎች የሚጠብቁት ፍጻሜውን ነው። የ«ሳይኮ» ሕግ በበኩሉ መጀመሪያውንም ጭምር አስከበረ።

5. የእንቆቅልሽ ውል

ይህን ግንኙነት ለመረዳት ከራሳችን ሥነ ቃል እንቆቅልሽን ማንሣት ይጠቅማል። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ሲል መላሹ «ምን አውቅልህ» ይላል። መላሹ ይህን በማለቱ ወደ ውል ገባ ማለት ነው። መልሱ ካቃተው ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይለዋል፤ አገር ሳይሰጥ መልሱ አይነገረውም። ምስጢሩ ዋጋ የሚያገኘው በዚህ ሥርዓት ነው። ያልተጠየቀ ሰው መልሱን ቢሰማ ምንም አይደንቀውም።

የ1960ው ተመልካችም እንዲሁ አገር ሰጥቷል። የሰጠው በፈለገው ሰዓት የመግባትና ያየውን እንደልቡ የማውራት ነጻነቱን ነው። በምትኩም ትረካውን ደራሲው ባሰናዳው ቅደም ተከተል ተቀበለ። ማስታወቂያው እንደ ጠያቂው «እንቆቅልህ» መጫወቻውን ከፈተ፤ የሲኒማ ቤቱ ዘበኛም የውሉ ጠባቂ ሆነ።

6. መደምደሚያ

ከላይ እንደታየው የ«ሳይኮ» ማስታወቂያ የፊልሙን ትልም በር ላይ ቆሞ ጠብቋል። ሆኖም ይህ ጥበቃ ያለ ዋጋ አልተገኘም። ሕጉ ለደራሲው የሰጠውን ሥልጣን ከተመልካቹ ወስዷል፤ ለነጋዴው ደግሞ ከፍ ያለ ትርፍ አስገኝቷል። ቪዲዮ ከተስፋፋ ወዲህ ተመልካቹ የተወሰደበትን ሥልጣን መልሶ አግኝቷል፤ ፊልሙን ከመሐል ይጀምራል፣ ያቆማል፣ ወደ ፍጻሜው ይዘላል። የልቦለድ አንባቢ ግን ይህን ነጻነት ያጣበት ጊዜ የለም፤ የመጨረሻውን ገጽ አስቀድሞ እንዳይገልጥ የሚከለክለው ዘበኛ የለበትም።

በመሆኑም ልብ ሰቀላን ስናጠና በድርሰቱ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ባሕርይ አድርገን መውሰዳችን በቂ አይደለም። ልብ ሰቀላ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር በፊት፣ በሽፋኑ ሥዕል፣ በጀርባው አስተያየት፣ በግድግዳው ማስታወቂያ ነው። የአማርኛ ልቦለዶቻችንም ሽፋኖችና መግቢያዎች ምን እንደሚናገሩና ምን እንደሚሸሽጉ ከትልሙ ጋር ተያይዞ ቢጠና፣ አንባቢው ወደ ታሪኩ በየትኛው በር እንደገባ ለማወቅ ይረዳል።