ወንድም የሚለው ቃል ኮሌጅ ሲገባ

የጥንት ግሪኮች ወንድማቸውን በአያቶቻቸው ቃል መጥራት ትተዋል። ከህንድ እስከ አውሮፓ በተዘረጋው የቋንቋ ቤተሰብ ውስጥ የወንድም ስም በብዙ ቦታ አንድ ነው፤ በሳንስክሪት «ብህራታር»፣ በፋርስኛ «በራዳር»፣ በሩሲያኛ «ብራት»፣ በጀርመንኛ «ብሩደር»፣ በእንግሊዝኛ «ብራዘር»፣ በላቲን «ፍራተር»። የግሪኩ ወራሽ «ፍራቴር» ግን ከቤት ወጥቶ ማኅበርተኛ ሆነ። በአቴና «ፍራቴር» ሲባል የአንድ «ፍራትሪያ» አባል ማለት ነበር፤ ፍራትሪያ ደግሞ በጋራ አማልክትና በጋራ በዓል የተሳሰሩ ቤተሰቦች ስብስብ ነው። ለሥጋ ወንድም ሌላ ቃል ተበጀለት፤ «አዴልፎስ»፣ ትርጉሙም «ከአንድ ማኅፀን የወጣ»። ፊላዴልፊያ የተባሉት ከተሞች ስም ከዚሁ የመጣ ነው።

አማርኛም ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። ግእዝ ወንድሙን «እኁ»፣ እኅቱን «እኅት» ይላል። የዐረብኛው «አኽ»፣ የዕብራይስጡ «አሕ»፣ የትግርኛው «ሓው» ከዚያው ግንድ የበቀሉ ናቸው። አማርኛ «እኅት»ን እንደያዘ «እኁ»ን ጣለና በምትኩ ከ«ወንድ» ጋር የሚዛመደውን «ወንድም» ያዘ። የድሮው ቃል ፈጽሞ አልጠፋም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሐዋርያት መልእክት በግእዝ ሲነበብ «አኀዊነ» ሲባል እንሰማዋለን። የሚጠራቸው ግን የአንድ እናት ልጆችን አይደለም፤ በአንድ እምነት የተሰበሰበውን ጉባኤ ነው። ዝምድና በሌላቸው ሁለት የቋንቋ ቤተሰቦች ውስጥ የወንድም ስም ከሥጋ ሲላቀቅ የሄደው ወደ ማኅበር ነው፤ በአሜሪካ ኮሌጆች «ፍራተርኒቲ» የሚባለው የተማሪዎች ማኅበር ታሪክም የሚጀምረው ከዚህ ይመስለኛል።

ማኅበር ግን በስም ብቻ አይቆምም፤ ማዕድ ይፈልጋል። የአቴና ፍራትሪያዎች በየዓመቱ «አፓቱሪያ» የተባለ የሦስት ቀን በዓል ነበራቸው። አባቶች ልጆቻቸውን ወደ ማኅበሩ የሚያስገቡት፣ ልጁ በሕግ የተወለደ መሆኑንም በመሐላ የሚያረጋግጡት በዚያ ጊዜ ነበር። የበዓሉ የመጀመሪያ ቀን «ዶርፒያ» ይባላል፤ «ዶርፖን» ከሚለው ቃል የወጣ ሲሆን «እራት» ማለት ነው። መሐላውና መሥዋዕቱ ከመምጣታቸው በፊት አባላቱ አብረው ይበሉ ነበር።

ላቲኑ «ፍራተር» በሥጋም በመንፈስም እያገለገለ ቆየ። መነኮሳት እርስ በርሳቸው በዚሁ ስም ተጠራሩ። ከእርሱ የወጣው «ፍራተርኒታስ» በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የምእመናን ማኅበራት ስም ሆነ። እነዚህ ማኅበራት በቅዱሳን ስም ይሰባሰቡ፣ በዓመት በዓላቸው ግብር ያበሉ፣ የሞተ አባላቸውን ይቀብሩ፣ ለነፍሱም ያስጸልዩ ነበር። ጽዋ ማኅበርን ከእድር ጋር አንድ ላይ አድርጎ ላሰበ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። የእኛው «ማኅበር» ደግሞ «ኀበረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የተገኘ ነው፤ አንድ ሆነ፣ ተጣመረ ማለት ነው። «ኅብረት»፣ «ኅብር»፣ «ተባበረ» የዚሁ ሥር ልጆች ናቸው። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ጓደኛን «ሓቬር» ሲሉ ይህንኑ ሥር በዕብራይስጥ እየጠሩ ነው።

«ፍራተርኒቲ» አሜሪካ ኮሌጅ የገባው በቨርጂኒያ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 5 ቀን 1776፣ ነጻነት በታወጀ በአምስተኛው ወር፣ በዊሊያምስበርግ ከተማ የዊልያም ኤንድ ሜሪ ኮሌጅ ተማሪዎች «ፋይ ቤታ ካፓ» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ፊደሎቹ የምስጢር መፈክር መነሻዎች ናቸው፤ «ፊሎሶፊያ ቢዩ ኪበርኔቴስ»፣ ጥበብን መውደድ የሕይወት መሪ ነው። «ኪበርኔቴስ» በግሪክ የመርከብ መሪ የሚይዝ ሰው ነው። ሮማውያን «ጉበርናቶር» አሉት፤ እንግሊዝኛ ለመንግሥት የሚጠቀምበት ቃል ከዚያ ተገኘ። ሃያኛው መቶ ዘመን ደግሞ ከግሪኩ ላይ «ሳይበርኔቲክስ»ን አወጣ፤ ዛሬ በየዜናው የምንሰማው «ሳይበር» የዚያ ቁራጭ ነው።

ከዚህ ማኅበር ታሪክ የሚያስደንቀኝ የተረፈበት መንገድ ነው። በ1781 የነጻነቱ ጦርነት ወደ ዮርክታውን ሲቃረብ ኮሌጁ ተዘጋ፤ የዊሊያምስበርጉ ስብሰባም አብሮ ቆመ። ነገር ግን አባላቱ ቀደም ብለው ቅርንጫፍ የመክፈቻ ደብዳቤ ወደ ሰሜን ልከው ነበር። በ1780 በዬል፣ በ1781 በሃርቫርድ ቅርንጫፎች ተከፈቱ፤ ማኅበሩንም ከመጥፋት ያዳኑት እነርሱ ናቸው። ፋይ ቤታ ካፓ በ1831 ምስጢሩን ትቶ የላቁ ተማሪዎች የክብር ማኅበር ሆኗል። የፊደል ስሙን፣ መሐላውንና በየኮሌጁ መቀጠልን ግን በኒው ዮርክ ዩኒየን ኮሌጅ በ1825 እና በ1827 የተመሠረቱት ማኅበራት ወረሱት። ሴቶች ተራቸው ሲደርስ የመጀመሪያዎቹ ራሳቸውን «የሴቶች ፍራተርኒቲ» ይሉ ነበር። ኋላ በሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲ አንድ የላቲን መምህር እኅት ከሚለው የላቲን ቃል «ሶሮር» ላይ «ሶሮሪቲ»ን አቀረበላቸው፤ ስሙም ጸና።

ማኅበራቱ በየኮሌጁ የሚከፍቱት ቅርንጫፍ በእንግሊዝኛ «ቻፕተር» ይባላል፤ የመጽሐፍ ምዕራፍ የሚጠራበት ቃል ነው። ምንጩ ላቲን «ካፒቱሉም» ሲሆን «ትንሽ ራስ» ማለት ነው፤ በጽሑፍ ክፍል አናት ላይ የሚቀመጠውን ርእስ ያመለክታል። ከመጽሐፍ ወደ ሰው የተሻገረው በገዳም ነው። በስድስተኛው መቶ ዘመን የተጻፈው የቅዱስ ቤኔዲክቶስ የገዳም ሥርዐት 73 ምዕራፎች አሉት። መነኮሳቱ በየቀኑ ተሰብስበው አንዱን ምዕራፍ ያነቡ ነበር። ቀስ በቀስ ስብሰባው «ምዕራፍ» ተባለ፣ የተሰበሰቡበት አዳራሽም «የምዕራፍ ቤት»፣ በመጨረሻ የተሰበሰቡት ሰዎች ራሳቸው «ምዕራፍ» ሆኑ። ዛሬ አንድ የአሜሪካ ተማሪ «ቻፕተር አለብኝ» ብሎ ወደ ሳምንታዊ ስብሰባው ሲሮጥ፣ ሳያውቀው የመነኮሳትን ቋንቋ ይናገራል።

የእኛው «ምዕራፍ» ግን ከራስ አልመጣም። «አዕረፈ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው፤ ማረፊያ፣ መንገደኛ ሸክሙን የሚያወርድበት ቦታ ማለት ነው። አንባቢም የሚያርፍበት ስለሆነ የመጽሐፍ ክፍል በዚህ ስም ተጠራ። ይህን ቃል ይዘን ወደ ኢታካ፣ ወደ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ እንሂድ።

በ1904 እና 1905 የትምህርት ዓመት ኮርኔል ከገቡት ጥቁር ተማሪዎች ስድስቱ በሚቀጥለው ዓመት አልተመለሱም። የቀሩት በኖርዝ ኦልባኒ ጎዳና በሚገኝ ቤት እየተሰበሰቡ አብረው ያጠኑ፣ ይደጋገፉ ጀመር። የነጮቹ ፍራተርኒቲዎች አይቀበሏቸውም፤ ሆኖም አንዳንዶቹ ለትምህርታቸው የሚሆን ገንዘብ የሚያገኙት በእነዚያው ቤቶች እየሠሩ ነበር። የማይቀመጡበትን ማዕድ ያቀርቡ የነበሩ ወጣቶች የራሳቸውን ማዕድ ለመዘርጋት ተነሡ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1906 ሰባት ሆነው «አልፋ ፋይ አልፋ»ን መሠረቱ። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛው ምዕራፍ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ።

አዲስ ገቢው በእነዚህ ማኅበራት ቋንቋ «ፕሌጅ» ይባል ነበር። ቃሉ ከድሮው ፈረንሳይኛ «ፕሌዥ» የመጣ ሲሆን ዋስ ማለት ነው፤ ስለ ሌላው ራሱን መያዣ አድርጎ የሚያቀርብ ሰው። ሥሩ እንደሚነግረን ወጣቱ የሚገባው ለወንድሞቹ ዋስ ሊሆን ነበር። ግን መያዣ በእጅ ያለ ነገር ነውና ያዦቹ ብዙ ጊዜ ተጫውተውበታል። በአዲስ ገቢዎች ላይ የሚፈጸመው ድብደባ፣ ማዋረድና በግዳጅ መጠጥ ማጠጣት የብዙ ልጆችን ሕይወት ቀጥፏል። እ.ኤ.አ. በ2017 በፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የ19 ዓመት ተማሪ በመቀበያው ምሽት ብዙ መጠጥ እንዲጠጣ ተደርጎ ከደረጃ ላይ ወደቀ፤ እርዳታ የተጠራለት ከብዙ ሰዓት በኋላ ነበር፤ ሞተ። ወንድም ተብሎ በተጠራበት ቤት። የጥቁሮቹ ፍራተርኒቲዎችና ሶሮሪቲዎች በ1990 «ፕሌጅ» የሚባለውን ሥርዐት ከነስሙ ሽረዋል፤ ድርጊቱ ግን ስሙ ስለተሻረ ብቻ አልቆመም። በ2024 መጨረሻ ኮሌጆች እንዲህ ያለውን በደል በይፋ እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ ወጥቷል። እኔ እንደማምነው ጥፋቱን የሚያባብሰው የወንድም ስም ራሱ ነው። ወንድም ለወንድሙ ሁሉን ይችላል ተብሎ ስለሚታሰብ «ቻለው» ለማለት ይመቻል።

ከኮሌጅ የወጣው አባል «አለምነስ» ይባላል፤ ሲበዙ «አለምናይ»። ላቲኑ «አሉምኑስ» «አሌሬ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ መመገብ፣ ማሳደግ። ስለዚህ አሉምኑስ የሚመገብ፣ የሚያድግ ልጅ ነው። ሮማውያን በመቃብር ድንጋይ ላይ ሲጽፉት ያልወለዱትን ግን ያሳደጉትን ልጅ ያመለክቱ ነበር፤ ከነዚህ ብዙዎቹ ተጥለው የተገኙ ሕፃናት ናቸው። የእኛ «ማደጎ» በትክክል ይገጥመዋል፤ «የጡት ልጅ» ደግሞ የበለጠ ይቀርበዋል። ተማሪው ትምህርት ቤቱን የሚጠራበት «አልማ ማተር»ም ከዚሁ ሥር ነው፤ የምትመግብ እናት ማለት ነው።

አማርኛ እዚህ ቦታ ላይ «ምሩቅ» አለው። ተማሪው «ተመረቀ» ስንል፣ ሰነዱን ስለተቀበለው ልጅ የምናወራው በሽማግሌ ፊት ዝቅ ብሎ ምርቃት ስለተቀበለ ሰው በምንናገርበት ቃል ነው። ያማረ ቃል ነው። ግን ሁለቱም፣ አሉምኑስም ምሩቅም፣ ወደ ላይ ብቻ ያያሉ፤ አንዱ ወደ መጋቢዋ፣ ሌላው ወደ መራቂው። አብረው የተመገቡት፣ አብረው የተመረቁት እርስ በርስ ምን እንደሆኑ አይናገሩም።

አልፋ ፋይ አልፋ ይህን ክፍተት የሞላው በአደረጃጀቱ ነው። በ1911 በኬንታኪ ግዛት፣ በሉዊስቪል ከተማ የመጀመሪያውን የምሩቃን ምዕራፍ ከፈተ፤ አባልነት በምረቃ ቀን የሚያልቅ ነገር መሆኑ ቀረ። በብዙዎቹ ሌሎች ፍራተርኒቲዎች ዘንድ ምሩቃን የቤት ማኅበር አቋቁመው ተማሪዎቹ የሚኖሩበትን ቤት በባለቤትነት ይይዛሉ፤ ጣሪያ ያሳድሳሉ፣ ግብር ይከፍላሉ። የተመጋቢነት ስም የያዘው ሰው መጋቢ ሆኗል። በ1935 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ጥቁር አመልካች እንዲቀበል የተገደደበትን ክስ በፍርድ ቤት የመሩት ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተንና ተርጉድ ማርሻል፣ ሁለቱም የአልፋ ፋይ አልፋ አባላት ነበሩ። ማርቲን ሉተር ኪንግ ወደ ማኅበሩ የገባው በ1952፣ ቦስተን ለዶክትሬት ሲማር ነው። በዋሽንግተን የመታሰቢያ ሐውልት እንዲቆምለት የማኅበሩ ሰዎች ሐሳብ ያቀረቡት በ1984፣ ኮንግረስ የፈቀደው በ1996፣ የተመረቀው በ2011 ነው። ለሞተ ወንድም 27 ዓመት መድከም ማለት ነው።

ለሞቱ አባላትም ማኅበሩ ልዩ ስም አለው። ምዕራፎቹ በግሪክ ፊደል ተራ ይሰየማሉ፤ አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ እያለ ይወርዳል። የመጨረሻው ፊደል ግን ለሕያዋን አይሰጥም። አባል ሲሞት «ኦሜጋ ምዕራፍ ገባ» ይባላል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሲሰማ ሁለት ነገር ይደርሰዋል። አልፋና ኦሜጋን ከቤተ ክርስቲያን ያውቃል፤ «ምዕራፍ»ንም ሲሰማ «ዐረፈ»ን ይሰማል፤ የምንወደው ሰው ሲሞት የምንለውን ቃል። እንግሊዝኛው «ቻፕተር» የማይሰጠውን ትርጉም የእኛ ቋንቋ በራሱ ሥር ይሰጠዋል።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የግሪክ ፊደል የተለጠፈበት ቤት የለም። ግን አብረው የገቡ ተማሪዎች ዶርም ተጋርተው፣ ካፌ ተሰልፈው፣ ከፍሬሽነት ጀምረው ሲወጡ «ባች» ይሆናሉ። «የባቼ ልጅ ነው» የሚለው ቃል ከአዲስ አበባ እስከ አሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ ሥራ ያገኛል፣ ቤት ያከራያል፣ ሐዘን ቤት ያስቀምጣል። ቃሉን ከእንግሊዝኛ ስንዋስ ሥሩን ያየነው አይመስለኝም። «ባች» መጋገር ከሚለው የድሮ እንግሊዝኛ ግሥ የወጣ ነው፤ በአንድ ጊዜ ተጋግሮ ከምድጃ የወጣ ዳቦ ማለት ነበር። ምሩቅ ያልተናገረውን የእርስ በርስ ዝምድና ይህ ቃል ይናገረዋል።

እኛ ግን ከዚህ በፊትም የራሳችን ነበረን። «ባልንጀራ» «ባለ እንጀራ» ተብሎ ይተነተናል፤ አንድ እንጀራ የሚቆርስ። ላቲንም «ኮም» አብሮ፣ «ፓኒስ» ዳቦ ብሎ ያንኑ ቃል ሠርቷል፤ የእንግሊዝኛው «ኮምፓኒየን» ከዚያ ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እንደ ራስ ስለ መውደድ የሚናገረውን ትእዛዝ ሲተረጉም የመረጠው «ወንድም»ን አይደለም፤ «ባልንጀራ»ን ነው። ስለዚህ ፍራተርኒቲን ወደ አማርኛ እንመልስ ከተባለ፣ ጋዜጦች የሚጽፉትን «የወንድማማችነት ማኅበር» ትቼ «የባልንጀሮች ማኅበር» እላለሁ። ወንድም ሳይጠየቅ የተወለደ ነው፤ ሲመቱት እንዲችል ይጠበቅበታል። ባልንጀራን ግን መጀመሪያ ማብላት አለብህ።