በረዶና ፍል ውሃ፤ ሕመምን የማስታገሥ ታሪክ

በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ አንድ ሕፃን ሲሮጥ ተሰናክሎ ቍርጭምጭሚቱን ወለም ሲለው፣ ባልንጀሮቹም ከብበውት ሲንጫጩ፣ መምህሩ ደርሶ የሚያስበው ጥያቄ አጭር ነው፤ ቀዝቃዛ ነገር ይደረግለት ወይስ ሙቅ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ ሰዎችን ሲያከራክር የኖረ ነው። ታሪኩን መርምሮ ለሚያይ ሰውም ስለ በረዶና ስለ ሙቅ ውሃ ብቻ ሳይሆን፣ ዕውቀት እንዴት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚታረም ጭምር ያስተምራል።

በጥንት የግሪክ አገር በሂፖክራጥስ ስም ከተሰበሰቡት የሕክምና ቃላት መካከል፣ ቁስል የሌለበት የመገጣጠሚያ እብጠትና ወለምታ ብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ቢፈስበት እንደሚሻለው የሚናገር ይገኛል። ምክንያቱንም ሲያስረዳ፣ መጠነኛ መደንዘዝ ሕመምን ያርቃል ይላል። በዚያው መጽሐፍ ሙቀት ደግሞ ቆዳን እንደሚያለሰልስና ሕመምን እንደሚያቀል ተጽፏል። ስለዚህ ሁለቱ መድኃኒቶች ከመጀመሪያው አንሥቶ ጎን ለጎን ቆመው ነበር።

ሆኖም ሰው መድኃኒቱን የሚመርጠው መጽሐፍ እንዳዘዘው ብቻ ሳይሆን አገሩ እንደ ሰጠው ነው። በኢትዮጵያ በረዶ ከሰማይ ቢወርድም ሳያድር ይቀልጣል፤ የደጋውም ውርጭ ፀሐይ ሞቅ ሲል ይጠፋል። ምድሪቱ ግን ከሆዷ ሙቅ ውሃ ታፈልቃለች። በሶደሬ፣ በወንዶ ገነትና በሌሎችም ሥፍራዎች ቍርጥማት ያሠቃየው ሰው በፍል ውሃ እየታጠበ ዕረፍት ሲፈልግ ኖሯል። የአዲስ አበባም አመሠራረት ከዚሁ ልማድ ጋር የተያያዘ ነው። የቤተ መንግሥት ሰዎች ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍልውሃ እየወረዱ ይታጠቡ ነበርና፣ በኋላ እቴጌ የተባሉት ወይዘሮ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. በምንጩ አቅራቢያ ቤት እንዲሠራላቸው የሸዋ ንጉሥ የነበሩትን ባለቤታቸውን ምኒልክን ጠየቁ። ከዚያች ቤት ዙሪያም ከተማ በቀለ።

በየመንደሩም ወጌሻ የወለቀውን ይመልሳል፤ የደነደነውን ጅማት ያሻል። ይሁን እንጂ በሙቀት የተደረገው ሁሉ ፈውስ አልነበረም። በአፍሪካ ቀንድ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ የታመመውን ሥፍራ በጋለ ብረት የመተኮስ ልማድ ነበር፤ ይህም ስንቱን ሰው ከሕመሙ ሳያድነው በላዩ ላይ ቁስል ጨምሮበታል። ልማድ ዕድሜው ስለ ረዘመ ብቻ እውነት እንደማይሆን ይህ አንድ ምስክር ነው።

ብርድ በበዛበት አገር ደግሞ ዕውቀቱ በሌላ መንገድ መጣ። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1807 ዓ.ም. በኤይላው ጦርነት፣ የናፖሊዮን የቀዶ ጥገና ሐኪም ላሬይ እጅግ በከፋው ውርጭ ውስጥ እጅና እግራቸው የሚቈረጥ ወታደሮች ሕመሙ እንደ ወትሮው እንዳልጸናባቸው አስተዋለ። በዚያው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ አርኖት የተፈጨ በረዶ ከጨው ጋር እየቀላቀለ የታመመውን አካል ማደንዘዝ ጀመረ። በረዶ ከሩቅ በመርከብ ካልመጣ በማይገኝበት በአሜሪካ ደቡብ፣ በፍሎሪዳ፣ ሐኪሙ ጆን ጎሪ ትኵሳት የያዛቸውን ሕሙማን ለማቀዝቀዝ ሲል በረዶ የሚሠራ መኪና ፈለሰፈ፤ በ1851 ዓ.ም.ም የፈጠራ መብት ተሰጠው። ሰዎች ግን ስላላመኑት ገንዘብ የሚያበድረው አጥቶ በ1855 ዓ.ም. በድህነት ሞተ። ዛሬ በየቤቱ የሚገኘው ማቀዝቀዣ ካሉት ሥሮች አንዱ ይህ የአንድ ሐኪም ርኅራኄ ነው።

ስለ ሙቀት ደግሞ ከኤልሳቤጥ ኬኒ የሚበልጥ ምሳሌ የለም። ይህች አውስትራልያዊት አስታማሚ በልጅነት ልምሻ የተያዙትን ሕፃናት የተኰማተረ ጡንቻ በሙቅ ውሃ በተነከረ የሱፍ ጨርቅ ትጠቀልል፣ ሲፍታታም እጅና እግራቸውን ታንቀሳቅስ ነበር። የጊዜው ሐኪሞች ግን የታመመውን አካል በጠንካራ መደገፊያ አስረው ያለ እንቅስቃሴ ያቆዩ ነበርና፣ በ1938 ዓ.ም. በኵዊንስላንድ የተሰየመው መርማሪ ጉባኤ ዘዴዋን ነቀፈ። በ1940 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሄደች፤ በ1942 ዓ.ም.ም በሚኒያፖሊስ በስሟ የሕክምና ተቋም ተከፈተ። ስለ በሽታው ጠባይ ያስተማረችው ሁሉ ትክክል አልነበረም፤ ነገር ግን ሕፃናቱን ከማሰሪያው ማስፈታቷ በኋላ ለመጣው የተሐድሶ ሕክምና መንገድ ጠረገ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ መምህራንን የሚነካው የአሜሪካዊው ሐኪም የጌብ ሚርኪን ታሪክ ነው። እርሱ በ1978 ዓ.ም. ባሳተመው የስፖርት ሕክምና መጽሐፍ፣ የተጐዳ አካል ይረፍ፣ በረዶ ይደረግበት፣ ይታሰር፣ ከፍ ተደርጎም ይቀመጥ ብሎ አዘዘ። ይህም ትእዛዝ በዓለም ሁሉ እንደ ሕግ ተያዘ። ከ35 ዓመታት በላይ ቆይቶ ግን ሚርኪን ራሱ፣ በረዶና ፈጽሞ ማረፍ ፈውስን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ጻፈ። ምክንያቱም እብጠትና ትኵሳት የጉዳት ምልክት ብቻ ሳይሆኑ የጥገናውም መጀመሪያ ናቸው፤ የተበላሸውን የሚጠርጉና አዲሱን የሚያሠሩ ሕዋሳት በደም ተጭነው ወደዚያ ይመጣሉ፤ ቅዝቃዜ ግን የደም ሥሮችን አጥብቦ ያዘገያቸዋል።

ታዲያ ዛሬ የቀረው ዕውቀት ምንድር ነው? ቅዝቃዜ የነርቭን መልእክት ስለሚያዘገይ በአዲስ ጉዳት ላይ ሕመምን ያስታግሣል፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በረዶን በጨርቅ ጠቅልሎ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ማድረግ ይቻላል። በረዶ በራቁት ቆዳ ላይ አይደረግም፤ ቆዳን ያቃጥላልና። ሙቀት ደግሞ የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ ጡንቻን ያላላል፤ ስለዚህ ለቆየ የወገብ ሕመምና ለደረቀ መገጣጠሚያ ይስማማል፤ ገና ላበጠ አዲስ ጉዳት ግን አይመከርም። ሁለቱም ሕመምን ያቀላሉ እንጂ አጥንት አይጠግኑም። ሕፃኑ እግሩን መርገጥ ቢያቅተው፣ አጥንቱ የተጣመመ ቢመስል ወይም አካሉ ቢደነዝዝ፣ ቦታው የሐኪም ቤት ነው።

ጎሪ ሳይታመን ሞተ፤ ኬኒ ተነቅፋ ጸናች፤ ሚርኪን ግን ዓለም ያመነውን የገዛ ትምህርቱን አረመ። ከሦስቱ የኋለኛው ሥራ ለመምህር የሚቀርበው ነው። በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ስሕተት በተማሪዎቹ ፊት በገዛ እጁ አጥፍቶ እውነቱን የሚጽፍ መምህር ክብሩ አይጐድልበትም፤ ተማሪዎቹም ከትምህርቱ በላይ እውነትን መውደድን ይማሩበታል።