የተቀደደ ጉልበት መቼ ዳነ ይባላል? የእንቅስቃሴ ልኬት ታሪክና የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት

ከሉማሜ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው አምበር ከተማ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት የማስተማር ልምምድ ለመጎብኘት ሄጄ ያየሁት ነገር ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኖአል። አንድ የሰውነት ማጎልመሻ ዕጩ መምህር ዝላይ ለተማሪዎቹ ሲያሳይ በቀኝ እግሩ አረፈ፤ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ታጠፈና ወደቀ። ያው ጉልበት ቀደም ሲል የተቀደደ ጅማቱ በቀዶ ሕክምና የተተካለት ነበር። በፋይሉ ውስጥ የነበረው የሐኪም ወረቀት የስድስት ወሩ ዕረፍት መፈጸሙን ይገልጻል፤ ጉልበቱ ምን መሥራት እንደሚችል ግን አንዲት ቃል የለበትም። እኛም አሠልጣኞቹ ወረቀቱን ብቻ አይተን ወደ ሜዳ አሰማራነው።

እንግዲህ «ዳነ» የሚለው ቃል በምን ይለካል? ጥያቄው አዲስ አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) በ1895 ሜዮ ሮብሰን የተባለ ሐኪም በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ የአንድ የ41 ዓመት ማዕድን ቆፋሪ ሁለት የተበጠሱ መስቀለኛ የጉልበት ጅማቶች ሰፋ። ከስድስት ዓመት በኋላ ሰውየው እግሩ ብርቱ መሆኑን መናገሩን ሐኪሙ በ1903 ባወጣው ጽሑፍ አስፍሮታል። የፈውሱ ዋና ምስክር የታማሚው ቃል ነበር ማለት ነው። በ1917 ደግሞ ሄይ ግሮቭስ የተበጠሰውን ከመስፋት ይልቅ ከጭን በተወሰደ ጅማት መሰል ቁራጭ መተካትን አስተዋወቀ። ጥበቡ እየረቀቀ ቢሄድም፣ ፍርዱ ግን በወር ቆጠራ፣ በሐኪሙ እጅና በታማሚው ቃል ላይ እንዳለ ቆየ። በአገራችንም ወጌሻው ጉልበትን አጥፎና ዘርግቶ ይፈርዳል። የእጁ ዕውቀት የሚናቅ አይደለም፤ በእግር ኳስ ቡድኖቻችን ጉዳት የደረሰበትን ተጫዋች የሚረዳው ባለሙያ እስከ ዛሬ ወጌሻ መባሉም ያለ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ እጅ የሚዳስሰው ያረፈን ጉልበት ነው። ሰውየው ዘሎ ሲወርድ የሚሆነው ከእጅም ከዓይንም ያመልጣል።

ይህንን የሚያመልጥ ነገር ለመያዝ የተደረገው ጥረት ከጉልበት ሕክምና ጋር ሳይገናኝ ለብቻው ያደገ ነው። በ1836 ጀርመናውያኑ የቬበር ወንድማማቾች በሰዓትና በመስፈሪያ ብቻ የሰውን እርምጃ ለክተው መጽሐፍ አወጡ። ፈረንሳዊው ኤትየን ዡል ማሬ አየር የታመቀበት ጫማ አሠርቶ፣ እግር መሬት በረገጠ ቁጥር አየሩ በቱቦ አልፎ ወረቀት ላይ መስመር እንዲጭር አደረገ። በ1880ዎቹም ሰውን ጥቁር ልብስ አልብሶ፣ በእጅና እግሩ ላይ ነጭ መስመር ለጥፎ፣ ተከታታይ ፎቶግራፍ አነሣ፤ በሥዕሉ ላይ ሰውየው ጠፍቶ እንቅስቃሴው ብቻ ቀረ። ከዚያ በኋላ ብራውነና ፊሸር በላይፕሲግ በአንድ ሰው አካል ላይ የሚያበሩ ቱቦዎች አስረው በጨለማ አስኬዱት። ቱቦዎቹን ማሰር ብቻ ብዙ ሰዓት ወሰደ። ሥዕሉ በአንድ ሌሊት ተነሣ፤ ስሌቱ ግን ዓመታት ፈጀ። እኔን የሚያስደንቀኝ ከመሣሪያው ይልቅ ይህ ትዕግሥት ነው።

ያ የዓመታት ስሌት ዛሬ በኮምፒዩተር በቅጽበት ይሠራል። በ1990ዎቹ በመኪና ውስጥ የአደጋ ጊዜ የአየር ከረጢትን ለማስነሣት በብዛት የገባችው አክሰለሮሜትር የምትባል ጥቃቅን መሣሪያ፣ በሲሊከን ላይ የተንጠለጠለች ክብደት ስትወዛወዝ የፍጥነትን ለውጥ ትለካለች። መዞርን የሚለካው ጋይሮስኮፕ ይጨመርላትና አንዱ ጥንድ በጭን፣ ሌላው በቅልጥም ላይ ሲታሰር የጉልበቱ መታጠፍ ይሰላል። ጉድለትም አለባት፤ ማሰሪያው ከቆዳው ጋር ይንሸራተታል፣ ትንንሽ ስሕተቶችም እየተደራረቡ ይሄዳሉ።

ልኬቱ ጉዳትን አስቀድሞ ያመለክታል ወይ? ለዚህ መልስ የሰጡት መጀመሪያ የላቦራቶሪ ካሜራዎችና የግፊት ሰሌዳዎች ናቸው። በ2005 ሂወትና ባልደረቦቹ 205 ሴት ስፖርተኞችን ከሣጥን ላይ አዘልለው ለኩ፤ በኋላ ጅማታቸው የተበጠሰባቸው 9ኙ ሲያርፉ ጉልበታቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ወደ ውስጥ ያዘነብል ነበር። በ2010 ፓተርኖና ጓደኞቹ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ ስፖርት የተመለሱ 56 ሰዎችን ተከታትለው 13ቱ እንደገና ሲጎዱ፣ የአስተራረፋቸው መዛባትና የሚዛናቸው ጉድለት አስቀድሞ ምልክት መስጠቱን አሳዩ። በ2016 የወጣው የግሪንደም ጥናት ደግሞ እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ በተጠበቀ በእያንዳንዱ ወር የዳግም ጉዳቱ መጠን በግማሽ ያህል መቀነሱን ይገልጻል። የእኛ ዕጩ መምህር ስድስት ወር ላይ ነበር። ቁጥሮቹ ጥቂት ሰዎችን የሚመለከቱ ስለሆኑ ግን መሣሪያውን ነቢይ ማድረግ አይገባም።

በስፖርት ክፍሎቻችን ስለዚህ ጉዳይ ሲነሣ ደጋግሜ የምሰማው የአበበ ቢቂላን ስም ነው። አበበ በ1964 የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት አምስት ሳምንት ያህል በኋላ በቶኪዮ ማራቶንን አሸንፎአል። «እርሱ ከሮጠ እኔስ?» ይላል ወጣቱ። ነገር ግን የሆድ ቁስልና የጉልበት ጅማት አንድ አይደሉም። ከዚያው ጀግና ሕይወት ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው በ1968 በሜክሲኮ በእግሩ ጉዳት ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ ማቋረጡና ድሉን ማሞ ወልዴ መውሰዱ ነው።

ላቦራቶሪ የለንም። ይሁንና በብዙ ሠልጣኞች ኪስ ያለው ስልክ አክሰለሮሜትርም፣ ዝግ አድርጎ የሚያሳይ ካሜራም አለው። ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ከፍታ ካለው ሣጥን ላይ ወርዶ ማረፍን ከፊት ለፊት ቀርጾ ከባለሙያ ጋር መመልከት፣ በአንድ እግር ዝላይ ሁለቱን እግሮች በሜትር ማወዳደር ይቻላል። የሜትሩ ቁጥር ብቻውን ሊያታልል ይችላል፤ ደኅናው እግርም በዕረፍት ወራት ይደክማልና እኩልነቱ የሁለት ደካሞች እኩልነት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከጉዳቱ በፊት የተወሰደ ልኬት ቢኖር ይበልጥ ይጠቅማል። የሰውነት ማጎልመሻ ሠልጣኞች ሲገቡ ቁመትና ክብደታቸውን እንመዘግባለን፤ የዝላይ ልኬታቸውን በዚያው ገጽ መጨመር አንድ ተጨማሪ ዓምድ ብቻ ይጠይቃል።

የአምበሩ ዕጩ መምህር ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ትምህርቱን ከአንድ ዓመት በኋላ ፈጸመ። አሁን ዝላዩን የሚያሳዩለት ተማሪዎቹ ናቸው።